ስሙን በጣት ሸፍናችሁ አንብቡት፦ ስለ ሶፍትዌር አጭር መግለጫ አጻጻፍ

በመሥሪያ ቤታችን ለአዳዲስ ፕሮግራመሮች የሚሰጠውን የሶፍትዌር ማውጫ የማርመው እኔ ነኝ። ለአንድ ቴክኖሎጂ የተፈቀደው አምስት መስመር ነው። የሚደርሱኝ ረቂቆች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያሉ ናቸው፦

«ኤስኪውላይት በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚታወቅ፣ ቀላል፣ ፈጣንና አስተማማኝ የሆነ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ በስልኮችና በኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራ ዘመናዊ ዳታቤዝ ነው።»

አንባቢው ነገሩ ዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃ ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ሶፍትዌር፣ መሆኑን የሚያውቀው ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ነው። ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። አማርኛ ገላጩን አስቀድሞ ዋናውን ስም ወደ ኋላ ያስቀራል፤ «የሚ» በተደረደረ ቁጥር ስሙ ይርቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዓይነቱን ብቻ ይናገር፦ «ኤስኪውላይት ዳታቤዝ ነው።» አራት ነጥብ። «ይህንንማ ማን ያጣዋል?» የሚሉኝ አሉ። ማውጫውን የሚከፍተው እኮ የሚያጣው ሰው ነው!

ቀጥሎ ከዘመዶቹ የሚለየውን ፈልጉ። ማይኤስኪውኤልም ዳታቤዝ ነው። «ፈጣን»፣ «ዘመናዊ»፣ «አስተማማኝ» የሚሉትን ሰርዙ፤ የራሱን ሶፍትዌር «ዘገምተኛ» ብሎ የሚያስተዋውቅ አላየሁም። እኔ ያስተካከልሁት ይህን ይመስላል፦

«ኤስኪውላይት ዳታቤዝ ነው። ለብቻው የሚቆም ሰርቨር አይፈልግም፤ በሚጠቀምበት ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ ይሠራል። መረጃውን በሙሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሊያነቡት ይችላሉ፤ የሚጽፉበት ግን በየተራ ነው። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. አወጣው።»

ከሁሉ የምወደው አራተኛውን ዓረፍተ ነገር ነው። መቶ ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ሽያጭ የሚመዘግቡበትን ሥርዓት ሊሠራ ያሰበ ሰው፣ እዚያ ሲደርስ ቆም ብሎ ያስባል። ሶፍትዌሩ የማይችለውን የማይናገር መግለጫ ማስታወቂያ ነው።

«እ.ኤ.አ.» የምትለዋን አትዝለሉ። አንድ ጊዜ ሳላያት አልፌ፣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ኤስኪውላይት ሚሊኒየማችንን ስናከብር የወጣ መስሎት ነበር። «የቅርብ ጊዜው እትም» አትበሉ፤ ቁጥሩን ጻፉ። ስም የሚያሳስት ከሆነ ደግሞ አንድ ቃል አትሰስቱ፤ በጃቫስክሪፕት መግለጫ ላይ «ከጃቫ የተለየ ቋንቋ ነው» ማለት ቦታ ማባከን አይደለም።

ረቂቁን ስጨርስ የቴክኖሎጂውን ስም በጣቴ ሸፍኜ ከጎኔ ላለችው የሒሳብ ሠራተኛ አነብላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጊት፣ በፕሮግራም ፋይሎች ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ ስለሚይዘው ሶፍትዌር፣ የተጻፈ አንድ ረቂቅ ደርሶኝ ነበር፦ «ፋይሎችን ለመያዝና ለሌሎች ለማካፈል የሚያገለግል ጠቃሚ መሣሪያ።»

«ፍላሽ ነዋ» አለችኝ። ረቂቁን ለጸሐፊው መለስሁለት።