ኖኣ ሉዊስን ለመስማት፦ መጀመሪያ ትንፋሹን፣ ከዚያ ቃሉን

እኔ ፈረሰኛ መስሎኝ ነበር። እንጅባራ ያደገ ሰው፣ ጥር 23 በመጣ ቁጥር የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየ ሰው፣ በድሮ ብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን የብሶት ዘፈን) ውስጥ «ራይደር» የሚል ቃል ሲሰማ ሌላ ምን ይመጣለታል? ዘፋኙ ፈረሰኛ ወንድሙ የጠፋበት እየመሰለኝ ስንት ወር አዘንኩለት። ለካ ራይደር ማለት ፍቅረኛ ነው! አንዳንዴ ደግሞ ጊታሩ ራሱ።

እንደኔ እንዳትሸወዱ አሰማሙን ልንገራችሁ። መለማመጃችን ኖኣ ሉዊስ ይሁን። በብሉዝ ሃርሞኒካ (በአፍ የሚነፋ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ) ሲነሳ ሰው ሁሉ ሊትል ዋልተር የሚባለውን ነፊ ይጠራል፤ ይገባዋል፣ አልከራከርም። ሉዊስ ግን ከእሱ ሃያ ዓመት ቀድሞ፣ ያለ ምንም ማጉያ፣ በትንፋሹ ብቻ ያን የመሰለ ድምፅ ያወጣ የአሜሪካ፣ የቴነሲ ግዛት ሰው ነው፤ ስሙን የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። ከ1928 እስከ 1930 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) በሜምፊስ ከገስ ካነን ቡድን ጋር ሸክላ አስቀረጸ። ካነን ባንጆ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ እየመታ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ጋን መሳይ ዕቃ አፉ ላይ ይነፋል። ያ «ቡም ቡም» የሚለው ወፍራም ድምፅ የእሱ ነው። ከላይ የሚያለቅሰው ሉዊስ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ግጥሙን እርሱት። እንግሊዝኛ ብትችሉም እርሱት። ሸክላው አርጅቷል፣ ጤፍ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ዓይነት ድምፅ አለው፤ ጆሮ እስኪለምደው ሦስት አራት ጊዜ ይፈልጋል። የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ተጠቀሙ፣ በስልክ ድምፅ ማጉያ ከሰማችሁት ጋኑ ጭራሽ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ተከታተሉ፦ ሰውየው ትንፋሹን መቼ ያስገባል፣ መቼ ያስወጣል?

ዋሽንት ለምናውቅ ጎጃሜዎች ይሄ ቀላል ነው። ዋሽንት የሚነፋው ወደ ውጭ ብቻ ነው፤ እረኛው አየር ሊወስድ ሲያቆም ዜማውም ትንሽ ይቆማል። ሃርሞኒካ ግን በሁለቱም ይዘፍናል። አሥር ቀዳዳ አለው፣ እያንዳንዱ ሲነፋ አንድ ድምፅ፣ ሲሳብ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ብሉዝ ተጫዋቾች ያገኙት ዘዴ ታዲያ ይሄ ነው፦ «ሲ» ለሚባለው የዜማ መነሻ ድምፅ የተሠራውን ሃርሞኒካ ወስደው «ጂ» ከሚባለው ሌላ መነሻ ይጫወቱበታል። በዚህ ጊዜ ዋናዎቹ ድምፆች በመሳብ የሚወጡት ይሆናሉ። የሚሳበውን ድምፅ ደግሞ ምላስና ጉሮሮን በማስተካከል ወደ ታች ማጉበጥ ይቻላል። የማሲንቆ መቺ ጣቱን ጭራው ላይ ሲያንሸራትት ድምፁ እንደሚያቃስተው ማለት ነው። ስለዚህ ሃርሞኒካው ሲያለቅስ ከሰማችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ሰውየው አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነው። ይህን አንዴ ከለያችሁ ሉዊስ ሌላ ሰው ይሆንባችኋል።

በሁለተኛው ቀን ወደ ግጥሙ። የሰማችሁትን በፊደላችን ጻፉት፣ ስህተትም ቢሆን። መዝገበ ቃላት ገና አትክፈቱ። እዚህ ላይ የቅኔ አገር ልጅ መሆን ይጠቅማል፤ ኅብሩን ፈልጉ። «የወሰዳት አባይ ነው» ያለ አዝማሪ ወንዙን ነው ወይስ ውሸታሙን? ሁለቱንም ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ስንኝ ትሄዳላችሁ፣ ሁለቱም ከቆሙ ሰሙንም ወርቁንም አገኛችሁ። አንዱ መንገድ ላይ ከወደቀ ጣሉት። እኔ «ፈረሰኛ»ን ይዤ እንዲህ ብፈትነው ኖሮ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ይወድቅልኝ ነበር፣ ራይደሯ ወጥ ትሠራ ነበራ!

ቃሉ በሁለቱም መንገድ እንቢ ካለ ዘመኑን ጠይቁ። «ካንድ ሂት» የሚለው ቃል እንደ አፉ «የታሸገ ሙቀት» ነው፣ ከንቱ ይመስላል። ነገሩ ግን ለማብሰያ የሚሆን በጣሳ የሚሸጥ የአልኮል ነዳጅ ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ስትከለክል ድሃው በጨርቅ እያጠለለ ይጠጣው ነበር፤ መርዝ ነበረበት። «ጄክ» ደግሞ የዝንጅብል መድኃኒት ነው፤ እሱም በውስጡ ያለው አልኮል ተፈልጎ ይጠጣ ነበር፣ በ1930 የተበከለው ወጥቶ ብዙ ሺህ ሰው እግሩ ሰለለ። ዘፈኑ ላይ ስለ እግሩ የሚያማርር ሰው ስትሰሙ እንግዲህ ቀልድ ብቻ አይደለም። «መጥረጊያዬን አራግፋለሁ» የሚልም አለ፤ ቤት ሊጠርግ እንዳይመስላችሁ፣ ጓዙን ጠቅልሎ መሄዱ ነው።

አንዳንዱ ችግር ከሸክላው ነው። የሉዊስ «ቫዮላ ሊ ብሉዝ» (1928) የእስር ዘፈን ነው፤ ዳኛው አንድ ነገር ያደርጋል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። የዳኛውን ግስ አንዱ «ፈረደ» አንዱ «ለመነ» ብሎ ይሰማዋል። እኔ «ፈረደ» ነው ባይ ነኝ። ዳኛ ለምኖ አያውቅም፣ ቴነሲም ቢሆን። ደግሞ ከቃሉ በኋላ ሃርሞኒካውን ስሙት፦ በቀስታ ይጎትታል፣ ዓመት የሚቆጥር ይመስላል። አንዳንዴ ፍቺው ያለው እዚያ ነው።

ሉዊስ በ1961 ቅዝቃዜ የጎዳው አካሉ ተመርዞ በድህነት ሞተ። ይሄንኑ ዘፈን ግሬትፉል ዴድ የተባለው የካሊፎርኒያ ሮክ ቡድን በ1967 የመጀመሪያ አልበሙ ላይ ተጫወተው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚያ ነው።

ጆሯችሁ ሲከፈት ወደ ዲፎርድ ቤይሊ እለፉ፣ እሱም የቴነሲ ሰው ነው። በ1927 ያስቀረጸው ግጥም የለውም፣ ስለዚህ ራስ ምታትም የለውም፤ በሃርሞኒካ ብቻ ባቡር ያስኬዳል። ሲነሳ ቀስ፣ ከዚያ ፉጨቱ፣ ከዚያ ሙሉ ፍጥነቱ። ጎጃም ባቡር የለም፤ እኔ የባቡርን ድምፅ መጀመሪያ የለየሁት ከእሱ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ የከተማውን ባቡር ስሰማ ቅር አለኝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነዋ፣ አያቃስትም።