ከነፃነት በኋላ ያለውን የአፍሪካ ፖለቲካ እንዴት እናጥና?

በመሀል አዲስ አበባ ለሚማር ተማሪ ጥሩው መነሻ ከመስቀል አደባባይ ብዙም የማይርቀው የአፍሪካ አዳራሽ ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያ ነውና።

ቀጥሎ ምዕራፎችን በተራ ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዞ መከታተል ይሻላል። ለምሳሌ፣ ቅኝ ገዢዎች ያሰመሩትን ድንበር ያወግዙ የነበሩ መሪዎች በ1956 ዓ.ም. በካይሮ ጉባኤ ያንኑ ድንበር ለማክበር ለምን ተስማሙ? ሶማሊያ ውሳኔውን አልተቀበለችም፤ ኢትዮጵያ ደግፋዋለች። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው፣ ተማሪው የአገሩን አቋም ከመጻፉ በፊት የሶማሊያን ክርክር ሶማሊያዊ ተማሪ ቢያነበው «አዎ፣ የምንለው ይህን ነው» በሚልበት መንገድ እንዲጽፈው ነው። ከዚያ ወደ 1969–70 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ቢሻገር፣ ቀድሞ ሶማሊያን ታስታጥቅ የነበረችው ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ ኢትዮጵያ ስታዞርና የኩባ ወታደሮች ሲመጡ ያያል፤ የቀዝቃዛው ጦርነትም ከአገር ታሪክ የተለየ ምዕራፍ እንዳልሆነ ይገባዋል።

የዘመን አቆጣጠር ብዙ ተማሪ ያሳስታል። በአውሮፓውያን 1960 «የአፍሪካ ዓመት» ተብሎ 17 አገሮች ነፃ የወጡበት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን የሶማሊያ ነፃነት በ1952፣ የናይጄሪያ በ1953 ይውላል። ስለዚህ በደብተር ላይ ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን መጻፍ ያስፈልጋል።

ዘመኑን የኖሩ አያቶችንም መጠየቅ፣ የነገሩንም በቤተ መጻሕፍት ካሉ የጊዜው ጋዜጦች ጋር ማስተያየት ይገባል።