የሕግ መውጫ ፈተና በድጋሚ ለምትቀመጡ፦ 47 ላይ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ ልጅ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ድረስ ቤቴ መጣ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ በብብቱ የወፈረ የታተመ ሞጁል ይዞ። ሁለቴ ተቀምጦ 46 እና 47 ነው ያመጣው፣ አሁን ሦስተኛው ነው። ገና ሳይቀመጥ "ጋሼ ምን ላንብብ?" አለኝ። ጋሼ የሚያስብል ዕድሜ እንኳ የለኝም፣ ግን ይሄን ጥያቄ ከሰማሁት ብዛት ሳልሸብት አልቀርም። አሁን ይሄን የምጽፈው በሱ ተናድጄ አይደለም፣ ከሱ በፊት አስራ ምናምን ልጅ እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያንኑ ስለጠየቀኝ ነው።

እኔም ወድቄያለሁ፣ አልደብቃችሁም። የመውጫ ፈተና ለሁሉም ትምህርት ክፍል የተጀመረ ጊዜ፣ ሐምሌ 2015 ላይ፣ ከተፈተኑት ውስጥ ነበርኩ (ለሕግ እንኳ ነገሩ አዲስ አልነበረም፣ ከኛ በፊት የነበሩት ሲፈተኑት ኖረዋል)። ማለፊያው 50 ነው፣ እኔ 47። ሦስት ነጥብ ምን አላት ብዬ ያንኑ ደብተር ሁለት ዙር ደግሜ አነበብኩትና በሁለተኛው 46 አመጣሁ። አባዬ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፣ ዝም ብለው ገብሳቸውን ማበጠር ቀጠሉ፣ ያ ዝምታ ከስድብ ይከፋ ነበር።

ያንኑ ሞጁል ሦስተኛ ጊዜ ማንበብ

47 ያመጣ ሰው ያላነበበ ሰው አይደለም። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ዓይንህን ጨፍነህ ብትነካካ እንኳ ወደ 25 ትጠጋለህ። 47 ማለት ታውቃለህ፣ ግን የምታውቀው ነገር ፈተና ላይ እየከዳህ ነው። ስለዚህ "ምን ላንብብ" የተሳሳተ ጥያቄ ነው፣ ትክክለኛው "ምን እያደረግኩ ነው የምስተው" የሚለው ነው፣ ይሄንን ደግሞ ሞጁሉ አይነግርህም።

እኔ በሦስተኛው ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሉ ሞዴል ፈተና ወሰድኩ፣ እየሠራሁ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ጥያቄ ቁጥሩን አከበብኩ፣ ከዚያ ስታረም ለእያንዳንዱ ስህተት ትክክለኛውን መልስ ሳይሆን *ለምን የተሳሳተውን እንደመረጥኩ* በአንድ መስመር ጻፍኩ። ሦስት ዓይነት ብቻ ነው የወጣው፦ ጭራሽ አላውቀውም፣ አውቀዋለሁ ግን ከጎረቤቱ ጋር ተምታታብኝ፣ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩትም። 52 ስህተት ነበረኝ። "አላውቀውም" ስንት ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? 14። አስራ አራት ብቻ! ስድስት ወር ሙሉ ሌሊት የገደልኩት ለ14 ጥያቄ ነው፣ የቀሩትን 38 ንባብ አይነካቸውም ነበር። ደግሞ አክብቤያቸው የነበሩ ግን በዕድል ያገኘኋቸው 9 ነበሩ፣ እነሱንም ስህተት ብዬ ቆጠርኳቸው፣ ዕድል በሚቀጥለው ፈተና አብራኝ አትቀመጥማ።

መጀመሪያ እንደዚህ ያለ ደብተር ይዛችሁ ኑ፣ ከዚያ ምን ላንብብ በሉኝ።

ከቴሌግራም የወረደ ጥያቄ መሸምደድ

እዚህ ላይ ትዕግስት የለኝም፣ ይቅርታ። አንድ ሺህ ምናምን ጥያቄ ከነመልሱ ፒዲኤፍ ይላክላችኋል፣ መልሱን ማን እንዳወጣው አይታወቅ፣ መቼ እንደተጻፈ አይታወቅ፣ እናንተ ግን እንደ ዳዊት ትደግሙታላችሁ። ያ የቅዳሜው ልጅ አንድ ጥያቄ ሳነብለት ግማሽ ሳልደርስ "ሲ ነው" አለኝ። ገና ምርጫዎቹን አላነበብኩለትም እኮ! እሺ ብዬ ፒዲኤፉን ዘጋሁና የራሴን አወጣሁለት። አንድ ሰው ቤቱን ሸጠ፣ ውሉ በጽሑፍ ነው፣ ሁለት ምስክር ፈርሟል፣ ብሩ ተከፍሏል፣ ግን ፍርድ ቤትም ውል አዋዋይ ፊትም አልቀረበም፣ ይጸናል? "አይጸናም፣ ፍትሐ ብሔር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መመዝገብ አለበት።" ጎበዝ። እሺ፣ አንድ የመንዝ ገበሬ ሙክት በግ ገበያ ላይ በቃል ብቻ ሸጠ፣ ገዢው ብሩን ከፍሎ በጉን ጎትቶ ሄደ፣ ይጸናል?

ትንሽ አሰበና "አይጸናም፣ አልተመዘገበማ" አለኝ።

እንግዲያው ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሰሜን ሸዋ በሙሉ የሚበላው ፈራሽ ውል ነው ማለት ነው! ሁለታችንም ሳቅን፣ ግን የሱ 47 ያለው እዚህ ነው። 1723ን ያውቃታል፣ ከሷ ጥቂት ቁጥሮች በፊት ያለችውን 1719ን ግን አያውቃትም፣ ውል ሕጉ የተለየ ፎርም እስካላዘዘ ድረስ ፎርም አያስፈልገውም የምትለዋን። ልዩ ሁኔታውን ሸምድዶ መርሁን ዘሎታል። ፒዲኤፍ የሚያሸመድደው ልዩ ሁኔታዎቹን ነው፣ ጥያቄ የሚሠራው ከነሱ ስለሆነ፣ እውነተኛው ፈተና ደግሞ ፍሬ ነገሩን አንዲት ጋት ይቀይርና ወደ መርሁ ይመልስሃል።

የድሮ ጥያቄ አትሥሩ አላልኩም፣ ሥሩ። ግን ከሠራችሁ በኋላ ራሳችሁ ፍሬ ነገሩን ቀይሩት፦ ቤቱን በግ አድርጉት፣ ሻጩን የ16 ዓመት ልጅ አድርጉት፣ ገዢውን ሰካራም አድርጉት፣ መልሱ ይቀየራል ወይ? ለምን? አንዷን ጥያቄ እንዲህ አምስት ቦታ ማገላበጥ አምሳ ጥያቄ ከመሸምደድ ይበልጣል።

የሞተ ሕግ ማጥናት

ይሄ ደግሞ በተለይ ከተመረቁ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸውን ነው የሚበላው፣ ምክንያቱም የምታጠኑት በራሳችሁ የክፍል ደብተር ነው፣ ደብተሩን ደግሞ ትወዱታላችሁ።

አንዲት የመሃል ሜዳ ልጅ አሠሪና ሠራተኛ ላይ ሁሌ ትስት ነበር፣ በጣም የምታነብ ልጅ ናት፣ ግራ ገባኝ። ደብተሯን አምጪው አልኳት። አዋጅ 377/1996! ታላቅ ወንድሟ የተማረበት ደብተር ነው፣ ጽሑፉ ያምራል፣ ሕጉ ግን በ1156/2011 ከተሻረ ቆይቷል። እስቲ እዩት፦ በድሮው የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀን አይበልጥም ነበር፣ በአዲሱ 60 የሥራ ቀን ነው። አሁን ጥያቄው "ሠራተኛው በ50ኛ የሥራ ቀኑ ለሥራው ብቁ አይደለህም ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናበተ" ቢል፣ በድሮው ሕገወጥ ስንብት ነው፣ በአዲሱ ገና ሙከራ ላይ ነው። ሁለቱም መልስ ምርጫው ውስጥ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። የወሊድ ፈቃድም ድሮ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር፣ አሁን 30 እና 90። የዓመት ፈቃድ መነሻው 14 የሥራ ቀን ነበር፣ 16 ሆኗል።

ሌሎቹንም ተመልከቱ። ንግድ ሕጉ በአዋጅ 1243/2013 ተቀይሯል፣ ባለ አንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የገባው በሱ ነው፣ ግን የ1952ቱን ጭራሽ እንዳትጥሉት፣ ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ ስለ ባንክና የሚተላለፉ ሰነዶች ያሉት መጻሕፍት አልተሻሩም (ይሄን ስነግራቸው የሚደነግጡ አሉ)። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 25/1988 ሳይሆን 1234/2013 ነው፣ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር የገንዘብ ሥልጣንም ከ500 ሺህ ብር ወደ 10 ሚሊዮን ወጥቷል። የገቢ ግብር 979/2008 በ1395/2017 ተሻሽሏል፣ ከደመወዝ ግብር ነጻ የሆነው 600 ብር የነበረው 2,000 ሆኗል። ተጨማሪ እሴት ታክስም አዲስ አዋጅ አለው፣ 1341/2016። ሞጁላችሁ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት እዩና ከዚያ ወዲህ የወጣውን ሁሉ በእስክሪብቶ ጻፉበት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚፈጀው።

ኮዱን (የሕጉን መጽሐፍ) ብቻ አንብቦ ሰበርን፣ ማለትም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎችን፣ መተውም ከዚሁ አይለይም፣ ቢያንስ አምስት ዳኞች የሰጡት የፌዴራል ሰበር ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት እንደሚያስገድድ ራሳችሁ አንደኛ ዓመት ተምራችኋል እኮ።

ጎረቤታሞቹን አለመለየት

ከኔ 52 ስህተት ትልቁ ክምር ይሄ ነበር። ሁለት ጽንሰ ሐሳብ ለየብቻ ብጠየቅ አንበለብላለሁ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፈራሽ ውልና ሊፈርስ የሚችል ውል አንዱ ነው። ፈቃዱ የተጓደለው ወይም ችሎታ የሌለው ሰው ውል ከሆነ ይፍረስልኝ ማለት የሚችለው ያ የተጎዳው ወገን ብቻ ነው፣ ጉዳዩ ሕገወጥ ከሆነ ወይም ሕጉ ያዘዘው ፎርም ከጎደለ ግን ጥቅሜ ተነካ የሚል ሦስተኛ ወገንም መጠየቅ ይችላል፣ ሁለቱም ፍትሐ ብሔር 1808 ውስጥ አሉ። "ማን ነው መጠየቅ የሚችለው?" ብላችሁ ካነበባችሁት አይምታታም፣ ትርጉም ለትርጉም ከሸመደዳችሁት ይምታታል።

ከሁሉም የባሰው ቀጥተኛ ያልሆነ ሐሳብና ቸልተኝነት ነው፣ ወንጀል ሕጉ 58(1)(ለ) እና 59(1)(ሀ)። ይሄን ለልጆቹ የማስረዳው በጣርማ በር ነው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው የተራራ መንገድ። ሐምሌ ላይ ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ አይታይም፣ አንድ ሹፌር ከፊቱ ያለውን ሲኖትራክ ሊቀድም ወጣ። ከፊት መኪና ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል። "እኔ እዚህ መንገድ ላይ ነው ያደግኩት፣ አይደርስብኝም" ብሎ ከወጣና ሰው ከሞተ ቸልተኝነት ነው። "ቢመጣም ይምጣ፣ የመጣው ይምጣ" ብሎ ከወጣ ግን ሐሳብ ነው። ማወቁ ሁለቱም ጋ አለ! ልዩነቱ ውጤቱን ተቀብሎታል ወይስ አይደርስም ብሎ ተማምኗል የሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ውስጥ ስለ ሹፌሩ ልብ የተጻፈች አንዲት ሐረግ አለች፣ እሷን ፈልጉ፣ ጉሙንና ሲኖትራኩን ተዉት።

እንደዚህ ያሉ ጥንዶችን አንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓምድ ጻፉ። የኔ ገጽ 22 ጥንድ ነበረው፣ ሽሮ ፈስሶበት አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ።

ጥያቄውን ከጅራቱ አለማንበብ

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኛ ደግሞ ፍርድ ቤት የምንሰማው በአማርኛ። ስድስት መስመር ታሪክ ታነባለህ፣ ደስ ይልሃል፣ ገባኝ ትላለህ፣ መጨረሻ ላይ "ኤክሴፕት" (በስተቀር) የምትል ቃል ተቀምጣለች፣ አንተ የመጀመሪያውን ትክክል የሆነ ምርጫ ነክተህ ታልፋለህ። እኔ በዚች ብቻ 11 ጥያቄ በልቻለሁ። አሁን መጀመሪያ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ነው የማነበው፣ ምን እንደተጠየቅኩ አውቄ ወደ ታሪኩ እመለሳለሁ። ይርጋን፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያን፣ በፍርድ ያለቀ ጉዳይን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ካላወቃችሁ ደግሞ ኮዱን በሁለቱም ዓምድ አንብቡት፣ ጎን ለጎን ነው የታተመው።

የሚወዱትን ብቻ ማጥናት

ወንጀል ሕግ ሁሉም ሰው ይወዳል። አስተዳደር ሕግና ግብርን ማንም አይወድም። ብሉፕሪንቱ (ከየትኛው ትምህርት ምን ያህል ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳየው ሰነድ) ግን ስለ ፍቅራችሁ አይጠይቅም። ወንጀል ላይ ከ80 ወደ 90 በመቶ ለመውጣት የምታፈሱት ላብ ግብር ላይ ከ20 ወደ 60 ያወጣችኋል።

አጫጭሮቹን ልጨርስ። ባዶ የተተወ ጥያቄ ዜሮ ነው፣ ምንም ቢሆን አንዱን ንኩ። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ሞዴሉንም በስክሪን ሥሩ፣ በወረቀት ላይ ማስመር የለመደ ዓይን ስክሪን ላይ ይቅበዘበዛል። የቡድን ጥናት አራት ሰው ካለፈ ቡና ነው። የመጨረሻውን ሌሊት አትደሩ፣ በተለይ በኛ ከተማ ብርድ እግርህን በባና ጠቅልለህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስታነብ ያነበብክ ይመስልሃል እንጂ አላነበብክም፣ ሞክሬዋለሁ።

ከሸዋሮቢትና ከደብረ ሲና የምትመጡ ደግሞ እባካችሁ በዋዜማው ውጡ። አምና አንድ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መኪና ይዤ እደርሳለሁ ብሎ ተነሳ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዟቸው ሰልፍ ቆሙ። ሲደውልልኝ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር፣ ጓደኞቹ ገብተዋል። "ጋሼ፣ ሹፌሩ አልቀድምም አለ" አለኝ። ምን እለዋለሁ? ትክክል ነው ሹፌሩ፣ 59ን የሚያውቅ ሰው ነው አልኩት። አልሳቀም። ዘንድሮ ዘመድ ቤት እንዲያድር ከአሁኑ አነጋግረንለታል።