ጦሳ ላይ ሲያድሩ ከጀርባ ለሚገባው ብርድ መንስኤ የሆኑ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ በቲሸርት ተነስቶ ከደሴ በላይ ባለው የጦሳ ተራራ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው ይህን የሚረዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ።

ዋናው ስህተት ከላይ እየደራረቡ የታችኛውን መርሳት ነው። ጋቢም ሆነ ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በያዘው አየር ነው። የተኙበት ወገን በክብደትዎ ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣል፣ መሬቱም ሙቀትዎን ሲስብ ያድራል። ጀርባ ከቀዘቀዘ ሦስተኛ ብርድ ልብስ መደረብ ብዙም አይፈይድም።

ወፍራም ፍራሽ ሁሉ ይሞቃል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። 8 ሴንቲሜትር ተነፍቶ ውስጡ ባዶ አየር ብቻ የሆነ ፍራሽ ከስስ ጥቅል ፎም ሊብስ ይችላል፤ አየሩ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ወደ መሬት ያወርደዋልና። ሲገዙ «አር ቫልዩ» የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ፍራሹ ሙቀት ወደ መሬት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ነው። ባዶ አየር ያለበት 1 ገደማ፣ ጥቅል ፎም 2 ገደማ ነው፤ ለውርጭ ሌሊት 4 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ደግነቱ ቁጥሮቹ ይደመራሉ፦ 2 የሆነ ፎም 2.5 ከሆነ ፍራሽ ጋር ሲነባበር 4.5 ይሆናል።

የቤት ስፖንጅ ይዞ መውጣት የተለመደ ነው። ስፖንጅ ግን ከዳሌ ሥር ይጨፈለቃል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ሌላ ከሌለ ከሥሩ ፕላስቲክ ሸራ፣ ከላዩ ጠጉሩ ወደ ላይ የሆነ አጎዛ ያንጥፉ። አጎዛ ለዚህ ሥራ ከብዙ ዘመናዊ ዕቃ ይሻላል፤ ጉዳቱ ክብደቱ ብቻ ነው። ገለባም ይሠራል፤ ሲተኙበት ስለሚሟሽሽ ግን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይጎዝጉዙት።

የሚነፋ ፍራሽ አመሻሹ ላይ ሞልተው ቢተዉት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ፍራሹ ይላላል። ሊተኙ ሲሉ እንደገና ይሙሉት። ዳሌ በሚያርፍበት ቦታ በጉልበትዎ ይጫኑት፤ ጉልበቱ መሬት ከነካ አየር ይጎድለዋል። በአፍ ከመንፋት ፓምፕ ይሻላል፣ ትንፋሽ ውስጡን ያረጥባል።

ቦታ ሲመርጡ ከሸለቆው ወለልና ከወንዝ ዳር ይራቁ፤ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። የተራራው ጫፍ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። ወገቡ ላይ፣ ሣር ያለበት ደልዳላ ቦታ ይሻላል።

አረቄ? ቆዳን ያሞቃል፣ ውስጡን ያቀዘቅዛል።

ከሁሉ የከፋው ግን ከሰል ድንኳን ውስጥ ማስገባት ነው። የፈመ ከሰል እንኳ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በምትኩ ውኃ አፍልተው ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የብረት ኮዳ ይሙሉ፣ በካልሲ ጠቅልለው በጭኖችዎ መካከል ያድርጉት። የሃይላንድ ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም፦ የፈላ ውኃ ሲገባበት ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ሊያፈስ ይችላል፤ እኩለ ሌሊት ላይ የረጠበ ስሊፒንግ ባግ ደግሞ እስኪነጋ አይደርቅም።