ከሻንጣው ጋር አብረውን የሚጓዙ ስህተቶች

ትኬቴ ላይ «ማክሰኞ 00:45» ይላል። እኔም ማክሰኞን ሙሉ ሰው ስሰናበት ዋልኩ። ማታ እናቴ ዶሮ ሠርታ አበላችኝ፣ መረቀችኝ፤ ጎረቤት ሳይቀር በር ድረስ ሸኘኝ። ቦሌ ደርሼ፣ ወረፋዬን ጠብቄ ፓስፖርቴን ስሰጥ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች። «ወንድሜ፣ ይሄ በረራ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለችኝ።

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቤት ስመለስ የተረፈውን ዶሮ ሲበሉ ደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ የተጓዥ ስህተት ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር አስተውላለሁ። አብዛኛው ከሞኝነት አይመጣም። እቤት ልክ የሆነ፣ ስንኖርበት የኖርነው ልማድ ነው ድንበር ላይ ሲደርስ ጉድ የሚሠራን። ሰዓት አቆጣጠራችን፣ ስማችን፣ ይሉኝታችን። ደጋግሜ ያየኋቸውን እስቲ ላንሳ።

አጥቢያን መርሳት

ትኬት ላይ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የእኛ ቀን ግን ሲነጋ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ማክሰኞ 00:45 ማለት በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 6፡45 ነው። ለሠርግ ሲሆን፣ ለለቅሶ ሲሆን «አጥቢያ» የምትለዋን ቃል አሳምረን እናውቃታለን። ትኬት ስናይ ግን ትጠፋናለች።

ከቦሌ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች የሚነሱት ደግሞ በዚያችው ሰዓት ዙሪያ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትኬቱ ላይ ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ካያችሁ፣ ቦሌ የምትሄዱት በዋዜማው ማታ ነው። በራሳችሁ አፍ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፦ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ከቤት መውጣት»። ለሚሸኛችሁም ሰው እንዲሁ ንገሩት።

ሁለተኛዋ ወጥመድ የስድስት ሰዓቷ ልዩነት ናት። 14:00ም «8 ሰዓት» ነው፣ 02:00ም «8 ሰዓት» ነው። አንዱ የቀን፣ አንዱ የሌሊት። ዋሽንግተን የሚቀበላችሁ ዘመድ «8 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ» ቢላችሁ፣ ሳታፍሩ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ የኖሩት ራሳቸው ሁለቱን እያቀላቀሉ ነው የሚናገሩት።

ስምን በግምት መሙላት

ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። ታዲያ አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን፤ ትኬት የቆረጠለት ዘመድ ደግሞ አያቱን ጭራሽ ይተወዋል። መጨረሻ ላይ ትኬቱ፣ ቪዛውና ፓስፖርቱ የሦስት ሰው ይመስላሉ።

አትገምቱ። የፓስፖርታችሁን የፎቶ ገጽ ግርጌ እዩ። መሣሪያ የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። በመጀመሪያው መስመር ከአገሪቱ ሦስት ፊደል ቀጥሎ ያለው፣ ሁለቱ «<<» ምልክቶች እስኪመጡ ድረስ፣ ለዓለም የቤተሰብ ስማችሁ እሱ ነው። ከምልክቱ በኋላ ያለው የራስ ስም ነው። ትኬቱንም ቪዛውንም ፊደል በፊደል ከዚያ ገልብጡ። «ፀ»ን እናንተ በፈለጋችሁት ፊደል ልትጽፉት ትችላላችሁ፤ የሚቆጠረው ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው።

እናት ብቻዋን ልጅ ይዛ ስትጓዝ ነገሩ ይከብዳል። እኛ ዘንድ ሴት አግብታ የአባቷን ስም አትለውጥም። ድንበር ላይ ያለው ሹም ግን የሚያየው የተለያየ ስም ያላቸው ትልቅ ሰውና ሕፃን ነው። የልጁን የልደት ሰርተፍኬትና የአባቱን የፈቃድ ደብዳቤ ተርጉማችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ። በሚጫነው ሻንጣ አይደለም፤ በእጅ።

የልደት ቀንም የዚሁ ዘመድ ነው። ጥር 1 ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ጃንዋሪ 9 ነው። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ጥር 1 ግን ጃንዋሪ 10 ይሆናል። ጥር 1 ቀን 1988 የተወለደ ሰው ልደቱ ጃንዋሪ 10 ቀን 1996 ነው። ትምህርት ቤቱ 9 ብሎ፣ ፓስፖርቱ 10 ብሎ ከጻፈ፣ የኤምባሲው ሠራተኛ ፊት ስለ ጳጉሜ ማስረዳት ልትጀምሩ ነው። አስቀድማችሁ አንድ አድርጉት።

የቪዛን ቀን እንደ መቆያ ቀን ማንበብ

ይሄኛው ብዙ ቤት አንኳኩቷል። ልጇ አሜሪካ የወለደችላት እናት አራስ ልትጠይቅ ትሄዳለች። ቪዛዋ፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ይሰጥ እንደነበረው፣ የሁለት ዓመት ነው። «ሁለት ዓመት ሰጥተውኛል» ብላ ተረጋግታ ትቀመጣለች። አልሰጧትም። ቪዛው ላይ ያለው ቀን አገሪቱ በር ላይ ቀርባችሁ ልግባ ማለት የምትችሉበት ጊዜ ነው። ስንት ቀን እንደምትቆዩ የሚወስነው በሩ ላይ ያለው መኮንን ነው። ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ አይ-94 በሚባለው መዝገብ ይሰፍራል። መዝገቡን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆች ሲመጡ በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቻቸው አውጥተው ይዩላቸው።

ከተሰጠው ቀን አንድ ቀን እንኳ ማለፍ ቪዛውን ያበላሸዋል። ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል፤ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ለ10 ዓመት። የልጅ ልጅን ክርስትና አይቼ ልሂድ የሚል ሰበብ ይሄን አያነሳውም። መቆየት ግድ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ ይጠየቃል።

በርካታ የአውሮፓ አገሮችን በአንድነት የሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ደግሞ ስቲከሩ ላይ ራሱ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ከዚህ እስከዚህ ቀን የሚል፣ ለብቻው ደግሞ የቀናት ብዛት። አንድ ወዳጄ ስቲከሩ የአንድ ወር ክፍተት ነበረው፤ የቀናት ብዛቱ ግን 15። ወሩን ሙሉ ሊቀመጥ አስቦ በ12ኛው ቀን ነው በአጋጣሚ ያየው። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አውሮፓ ማህተም በመምታት ፋንታ አሻራና ፎቶ ወደሚመዘግብ ሥርዓት መግባት ጀምራለች። ማህተሙ ደብዝዞ ሹሙ ቀን ሳይቆጥር የሚያልፍበት ዘመን እያበቃ ነው።

ከዚያው ሳንወጣ፦ ስቲከሩ ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደምትችሉ የሚናገረው ቦታ «1» የሚል ከሆነ ከፓሪስ ለንደን ዘመድ ጠይቄ ልመለስ አትበሉ። ብሪታንያ ሼንገን ውስጥ የለችም። የለንደን ቪዛ ቢኖራችሁ እንኳ፣ ከፓሪስ ስትወጡ የሼንገኑ አለቀ።

ርካሽ ትኬት አይቶ ትራንዚቱን አለማየት

ዱባይ ወይም ዶሃ ላይ ከአየር ማረፊያው ሳይወጡ አውሮፕላን መቀየር የለመደ ሰው፣ ሁሉም ቦታ እንዲሁ ይመስለዋል። ፍራንክፈርት ላይ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በጋራ ከያዛቸው፣ ዜጎቻቸው አየር ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ኤርትራም ሶማሊያም እዚያው ዝርዝር ላይ አሉ። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛው ያልተቃጠለ ሰው ግን ይህ አይመለከተውም። አሜሪካ ደግሞ ጭራሽ የትራንዚት ክልል የላትም፤ በሚያሚ አልፋችሁ ወደ ሌላ አገር ብትሄዱም የምትገቡት እንደ ገቢ ተጓዥ ነው፣ ቪዛ ያስፈልጋችኋል።

ሁለት ለየብቻ የተገዙ ትኬቶችን መቀጠል ሌላው ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ ሻንጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በሁለት ከሆነ መሃል ላይ ወርዳችሁ፣ ሻንጣ ተቀብላችሁ፣ እንደገና ታስመዘግባላችሁ። ሻንጣ ለመቀበል ደግሞ ወደዚያ አገር መግባት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁም ኪሳራው የራሳችሁ ነው። መቶ ዶላር ለማትረፍ ይሄን ሁሉ አላደርገውም።

አደራን ሳያዩ መቀበል

አሁን ወደ ከባዱ መጣን። በጉዞው ዋዜማ በር ይንኳኳል። ጎረቤት ናት። «እታለም፣ ሰው አገኘሁ ብዬ ነው፤ ለልጄ ትንሽ በሶ ናት» ትላለች። በፌስታል ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታሽጓል። መክፈት እሷን መጠርጠር ይመስላል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ይጫናል።

አየር ማረፊያ ላይ «ሻንጣህን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው?» ሲባል ሁላችንም «አዎ» ነው የምንለው። ከዚያች ቃል በኋላ ውስጡ ያለው ሁሉ የእናንተ ነው። የሰው ነው ማለት ጉምሩክ ፊት አይሠራም።

የሚያስፈራው ሆን ተብሎ የሚደረገው ብቻ አይደለም። በቅን ልብ የተላከም ያሳስራል። ጫት እኛ ጋ ገበያ የሚወጣ ዕቃ ነው፤ በብሪታንያ ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ክፉኛ ያስቀጣል። ለወገብ ሕመም የተላከች ትራማዶል፣ ለሳል የተላከ ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ዱባይ ላይ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው። የራሳችሁም መድኃኒት ቢሆን ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ በራሱ ማሸጊያ ይሁን።

የምግቡም ነገር አለ። ቋንጣ አሜሪካም አውሮፓም አይገባም። ቅቤና አይብ ደግሞ አውሮፓ ከሌላ አገር በሚመጣ መንገደኛ እጅ እንዳይገቡ ታግደዋል። የተነጠረ ቢሆንም፣ ኮሰረት ቢገባበትም። አሜሪካ ስትገቡ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ተናገሩ። ተናግራችሁ ቢወሰድባችሁ ኪሳራው ቅቤው ነው፤ ደብቃችሁ ቢገኝ ግን ቅጣት አለ። በርበሬና ሽሮን በተመለከተ፣ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ለብቻው ይፈተሻል፤ ካላመኑበት ይጣላል። የአንድ ለስላሳ ጣሳ ያህል ነው መጠኑ። የዓመት ድልህና ሚጥሚጣ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ።

እናቴ ለአደራ ዘዴ አላት። ጎረቤቷን አስቀምጣ ቡና እያፈላች፣ ፌስታሉን እዚያው ፊቷ ትፈታዋለች። «ልጄ ሲጠየቅ ምን እንደያዘ አጥቶ እንዳያፍር ልይለት» ትላለች። በሶው በሶ ከሆነ መልሳ ታሽገዋለች። እስካሁን የተቀየማት የለም። አንዷ ብቻ «ለካ ጊዜ የለኝም» ብላ ፌስታሏን ይዛ ወጥታለች።

ቢጫ ካርድን ለመጨረሻ ሳምንት ማቆየት

አክስቴ ለሕክምና ወደ ህንድ ልትሄድ ሁሉንም ጨረሰች። የቢጫ ወባ ክትባቷን የወሰደችው ግን በረራው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ህንድ በዚህ ቀልድ አታውቅም፤ ከኢትዮጵያ ያለ ካርድ የደረሰን መንገደኛ እስከ ስድስት ቀን ለይታ ታቆያለች። ትኬቱ ተገፋ፣ የሐኪም ቀጠሮውም አብሮ። ታይላንድም ይሄንኑ ካርድ ትጠይቃለች። መልካሙ ነገር፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይበቃል። አሮጌ ካርዳችሁ ላይ «ለ10 ዓመት» ቢልም እንደጸና ነው። ስለዚህ አትጣሉት።

በነገራችን ላይ ውጭ የሚኖሩት ወገኖቻችን «ቢጫ ካርድ» የሚሉት የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያን ነው። አንድ ዘመዴ «ቢጫ ካርድህን እንዳትረሳ» ተብሎ ያንኑ መታወቂያ ይዞ ጤና ቁጥጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። አልተግባቡም።

ፓወር ባንክን ከሻንጣ ጋር መጫን

አጭር ናት። ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ብቻ። ሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል ዕቃ ክፍሉ ውስጥ የሚያጠፋው ሰው የለም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) በ3.7 አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 20,000 የሚለው 74 ይሆናል፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ነው፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ኤምሬትስ ከኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አውሮፕላኑ ውስጥ በፓወር ባንክ መጠቀምን ከልክሏል፤ መያዝ የሚቻለውም አንድ ብቻ ነው። ጽሑፉ ተፋቆ የማይነበብ ከሆነ ደግሞ ፈታሾቹ አይገምቱላችሁም። የእኔ ኪስ ውስጥ ሲፋተግ ኖሮ ቁጥሩ ጠፍቶ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን ውስጥ፣ ከሌሎች ሠላሳ የሚሆኑ ጋር ትቼው ሄድኩ።