የጓደኛዬ ረቂቅ መግቢያ የተገኘው ቡና ላይ ነው

የክፍል ጓደኛዬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ትምህርት የጻፈችው ረቂቅ አልነበብ አለኝ። «ቴክኖሎጂ ዓለምን እየቀየረ ነው» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይሽከረከራል።

ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ እነሱ ቤት ሄድኩ። ቡና እየተፈላ «ማንን አስበሽ ነው የጻፍሽው?» አልኳት። «ታናሽ ወንድሜን» አለች። ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የሒሳብ የቤት ሥራውን ቻትጂፒቲ የተባለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየጠየቀ ይሠራል። በቃ፣ መግቢያው ተገኘ! እሱን አስቀደምነው።

«በቅርቡ» የሚለውን በኅዳር 2015 ዓ.ም. ተካነው፤ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀበት ወር ነው። «ዕድሜ ይገደብ» ለሚለው ሐሳቧ ደግሞ ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መመሪያ ጨመርን። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ይሁን ይላል።

ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው። ምላሷን የያዛትን ሁሉ ቆረጥን።

ወንድሟም ሰምቶ አንድ መስመር አረመ፦ «መልሱን ሳይሆን አሠራሩን ነው የምጠይቀው።»