ለፊዚዮቴራፒ አፕ የክትትል ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል?

ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ቢሏቸው መልሱ የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ይመስገን፣ ግን ነገ ስንት ጊዜ ከወንበር ይነሱ ይቀመጡ ለሚለው ምንም አይጠቅምም። ብዙ አፖች እንዲህ ይጠይቃሉ፣ ሰው ይመልሳል፣ ምንም አይለወጥም፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽኑ ይጠፋል።

ስለዚህ ዲዛይን ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። በአንድ በኩል ጥያቄውን፣ በሌላው በኩል መልሱ የነገውን እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚለውጥ ጻፉ። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ጥያቄውን ሰርዙት። ያሳዝናል፣ ግማሹ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ ታካሚው ሲመዘገብ የከበዱትን ሦስት ነገሮች ራሱ ይጻፍ። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ፊዚዮቴራፒስቶች በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ በዚሁ መንገድ የሚሠራ መለኪያ አላቸው፤ 0 ማለት ጭራሽ አልችልም፣ 10 ማለት እንደ ድሮዬ እችላለሁ ነው። አንዱ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይላል፣ ሌላዋ መስገድ፣ ሌላው ሚኒባስ ውስጥ መግባት፣ ሌላዋ ደግሞ ቡና አፍልታ ከበርጩማ መነሳት። ቃላቸውን እንዳለ አስቀምጡና በየሳምንቱ መልሳችሁ ጠይቁ፦ «ከበርጩማ መነሳት ዛሬ ከ10 ስንት ነው?» ጉልበቷ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ለባለሙያው ይጠቅማል፤ እሷ የምታውቀው በርጩማውን ነው።

የህመም ጥያቄ በየቀኑ ይሁን፣ ግን አንድ ብቻ፣ ያውም በማግስቱ ጠዋት። እንቅስቃሴ ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ዋናው አድሮ መብረዱ ነው። ጠዋት ከበፊቱ ብሶ ከተገኘ አፑ ያን ቀን ጫናውን ይቀንስ፣ ለምን እንደቀነሰም በአንድ መስመር ይንገራቸው። ከ0 እስከ 10 ባለው የህመም መለኪያ የ1 ነጥብ ለውጥ አያስደንግጣችሁ፣ አያስጨፍራችሁም፤ ሰው በትክክል የሚሰማው ለውጥ ወደ 2 ነጥብ ገደማ ነው።

በሳምንት አንዴ ደግሞ የ30 ሰከንድ ሙከራ ጨምሩ። እጀታ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስጠግቶ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ስንቴ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል? ሰዓቱን ስልኩ ይያዝ። የመውደቅ ስጋት ያለበት ሰው ግን አጠገቡ ሰው ሳይኖር እንዳይሞክር አስቀድማችሁ ንገሩት።

ለጠፋ ሰው ቀይ ምልክትና ወቀሳ አትላኩ። «ምን ሆኖ ነው?» ብላችሁ አራት ቁልፍ ስጡት፦ አመመኝ፣ ጊዜ አጣሁ፣ ተሻለኝ፣ አሠራሩ አልገባኝም። ያመመው ቀለል ያለ ይሰጠው፣ ጊዜ ያጣው የ5 ደቂቃ ይምጣለት፣ ያልገባው ቪዲዮውን ይይ ወይም ባለሙያ ይደውልለት። ተሻለኝ ያለውን ሦስቱን ነገሮች ጠይቁት፤ አንዳንዱ በእውነት ድኗል፣ በክብር ሸኙት።

አንድ ነገር ግን ከነጥብ ጋር አይደባለቅም። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ በተለይ ከቀዶ ጥገና በኋላ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። የጀርባ ህመም ያለበት ሰው ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም በእግሮቹ መሀል ከደነዘዘው፣ እንዲሁም መገጣጠሚያ አብጦ ትኩሳት ካለ፣ አፑ እንቅስቃሴውን አቁሞ «አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ» ይበል። ይህን የሚያሳውቁበት ቁልፍ ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ ይኑር፤ የሳምንቱን ጥያቄ አይጠብቅም።

ውጤቱን ስታሳዩ ሰውን ከራሱ ጋር አወዳድሩ፦ «ሲጀምሩ ደረጃ መውጣት ከ10 3 ነበር፣ አሁን 6 ነው»። የህመም ግራፍ ብቻውን ከፍ ዝቅ እያለ ተስፋ ያስቆርጣል።

በመጨረሻም አፑን የሠራው ልጅ ሳይሆን እናቱ ትሞክረው፣ ዳታ ተዘግቶ። መልሷ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ኔትወርክ ሲመጣ ካልተላከ፣ ለመልቀቅ አትቸኩሉ።